ምንም አትጻፍበት

ደብረ ሲና ላይ ነው፤ ከመናኸሪያው ማዶ።
ጭጋግ ከጣርማ በር እንደ ካብ ተንዶ
የፎቶ ቤቴን ደጅ በቀትር ሲደፍነው፣
ደንበኛ የለም፤ ስሕተት ሥራ የሚፈልገው ያኔ ነው።

ላቀው፣ የእህቴ ልጅ፣ ፍላሽ ሊያጸዳ
(ዘፈን ሊጭንበት ለአንድ ሹፌር እንግዳ)
ፍላሹ መሰለው፤ የነካው ግን ዲስኩን።
"ፎርማት ይደረግ? ሁሉም ይጠፋል" ብሎታል፣ እውነቱን፤
ማሽኑስ ጠይቋል፤ ምን ያድርግ ማሽን!
ላቀው ግን ሳያነብ ተጫናት፣ "እሺ"ን።

አሥራ አንድ ዓመት ነው። ባንድ ቃል ተጠርጎ
ባዶ ሆነ፤ ነጭ፤ እንደ ቅል እርጎ።
የመታወቂያ ጉርድ፣ የሠርግ፣ የክርስትና፣
የአሥረኛ ክፍል ልጆች፣ ፀጉር የተበጠረ ለፈተና፣
የቆሎ ሻጮቹ የማኅበር ባጅ፣ ሳላትመው ገና።

ላቀው አለቀሰ። እኔ አልተቆጣሁትም።
(ተቆጣሁት፤ እውነት፣ እዚህ አልዋሽበትም።)

ደብረ ብርሃን ደወልኩ፣ ጠጋኙ ዘንድ፣ ሰብስቤ፤
ስም ያወጣል መላክ ብዬ በልቤ።
"ንቀለው" አለኝ፣ "አሁኑኑ፣ ከነገመዱ፤
ምንም አትጻፍበት፤ ፊደል እንኳ፣ አንዱ።
የጠፋው ማውጫው ነው፤ ገጹማ እንዳለ።
ስሙ ተፋቀ እንጂ ሰውየው ቤት አለ።
አዲስ እንግዳ መጥቶ ካልተጋደመ ካልጋው
እዚያው ነው፣ ዝም ብሎ፣ እስክትፈልገው።"

ምንም አትጻፍበት።
የኔ ደግሞ ልማድ፣ ነገር በተናደ ቁጥር
ቶሎ መጻፍ ነው በላዩ፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ስልክ ቁጥር፣
ሌላ ሣቅ።

ሌሊቱን ቁጭ አልኩ። አረንጓዴው መስመር፣
እንደ ተሳቢ መኪና፣ ሽቅብ ወደ ጣርማ በር፣
በአንደኛ ማርሽ፣ እያቃሰተ።
አርባ ሦስት በመቶ ላይ መብራት ሄደ። መጣ።
እንደገና ከዜሮ። (የተሳደብኩትን ሰምቶ እግዜር አይቆጣ።)

ሊነጋ ሲል መጡ።
ስም የላቸው፣ ቀን የላቸው፤ ቁጥር ብቻ አዝለው፣
ሙሽራው ከለቀስተኛው፣ ሕፃኑ ከሽማግሌው ተቀላቅለው።
አንዳንዱ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ደርሶ
ከዚያ በታች ግራጫ ነው፤ ጭጋግ ለብሶ።
ላቀው አራት ዘፈን የጫነው እዚያ ላይ ነው ለካ፤
የስንቱ ሰው አገጭ በዜማ ተተካ!
ሹፌሩ ይህን ሳያውቅ ደሴ ገብቷል አሁን፣
በእኛ ሰው ከንፈር እያስዘፈነ መኪናውን።

ከዚያ ደግሞ መጣች።
ሰባት ዓመት ሆኗል፣ አንድ ባንድ፣ በጣቴ
ያጠፋኋት፤ ስንዱ፤ ከቧንቧው አጠገብ፣ ከጓሮው፣ ከቤቴ፣
ሳሙና በጸጉሯ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
"አታንሳኝ" እያለች፣ እየሳቀች ገና።
ማሽን አይለይም፣ የጠፋብህን ካጠፋኸው፤
ፈልግ ብለኸዋል፤ ይዞልህ ይመጣል ያገኘው ያገኘውን።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ቆሎ ሻጮቹን ጠራሁ። እነሱ ናቸው
በየአውቶቡሱ መስኮት ስር ሲሮጡ፣ ፊት የማያመልጣቸው።
አሰገደች ቆመች፤ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፦
"ይቺ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ናት። ይሄ፣ ነፍሱን ይማር። ይሄ አልጋ
የሚያከራየው፤ በዓይኑ አወቅሁት፣ አገጭ ባይኖረው።
ይሄ ያንተው ላቀው ነው፤ ጥርሱ ወልቆ፣ ሲስቅ እየው!"
ላቀው አንገቱን ደፍቶ ስማቸውን ይጽፋል፣
በአዲሱ ዲስክ ላይ። ሁለት ሁለቴ ያነባል።

የእሷ ስትመጣ ግን አሰገደች ዝም አለች፤
ቆሎዋን ከመዳፍ ወደ መዳፍ ገለበጠች።
"ይቺንስ ምን ልበላት?" አለኝ ላቀው፣ ጣቱን ፊደሉ ላይ ሰቅሎ።
ውጭ አውቶቡስ ጮኸ። ሁሉም ሮጠ፣ ከረጢቱን አንጠልጥሎ።

"ተዋት" አልኩት፣
"በቁጥሯ ትቀመጥ።
ምንም አትጻፍበት።"